ጎኗን ሲወጋት እግሯን ማን አየ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች።

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ሳንባ ምች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሱቄ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ሳል ካለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ጎን ከወጋ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂዱ ይላል። እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ያቺን የጎደለችውን ነገር ደግሞ እኔ በእህቴ ላይ ስላየኋት ጋዜጣውን አጥፌ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጎን የሚወጋው ሁሉ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሁሉ፣ ደም ያለው አክታ የሚያስተፋው ሁሉ የሳንባ ምች አይደለም። ቲቢም አይደለም። ከእግር ተነስቶ ሳንባ የሚገባ የረጋ ደም አለ።

እኔ ጎንደር አራዳ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን፣ ከዚያም ሐኪሞቹንና ጤና የሚማረውን የእህቴን ባል ወንድም እየነዘነዝኩ የተረዳሁትን ነው።

ታናሽ እህቴ ታኅሣሥ 20 በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ወለደች። የመጀመሪያዋ ነው። በአራተኛው ቀን ቤቷ ገባች። ከዚያ በኋላ ያለውን የአገራችን ሰው ያውቀዋል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው ጎረቤት። አልጋዋ በመጋረጃ ተከለለ። እናታችን ከአልጋ አላወርድም አለች። «አራስ ናት፣ ቁስሏም አልጠገገ፣ ብርድ ይመታታል» ትላለች። ከፍቅር ነው። እኛም የታዘዝነው ከፍቅር ነው። ምግቧ አልጋዋ ድረስ ይመጣል፣ ልጁ ይሰጣታል፣ ሲጠባ ይወሰድላታል። ሽንት ቤት ከመሄድ በቀር እግሯን አታነሳም ማለት ይቻላል።

የገና ዕለት «ግራ እግሬ ከበደኝ» አለችኝ። ከአልጋ ወርዳ ነጠላ ጫማዋን ልታደርግ ስትል ቀኙ ገባ፣ ግራው አልገባ አለ። እንደምንም አስገባችው። ስታወልቀው ማሰሪያው እግሯ ላይ እንደ ገመድ ቦይ ሠርቶ ቀረ። ቆዳው ያብረቀርቃል። ስነካው ይሞቃል። እኔ ምን አልኩ? «ወሊድ ነው፣ ያብጣል፣ ይጎድላል» አልኩ። ጥምቀት እየደረሰ ነበር፤ ያን ሰሞን ልብስ ሰፊ እንቅልፍ የለውም፣ የሀበሻ ቀሚስ ሱቄ ውስጥ ተቆልሏል፣ ወደ እሷ የምሄደውም ማታ ማታ ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ ነው።

ጥር 3 ቀን ወጌሻ ተጠሩ። ጥሩ እናት ናቸው፣ ስንቱን ያቃኑ። ባቷን በቅቤ አሹላት። ደጋግመው፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጠበቅ አድርገው። አመስግነን ሸኘናቸው።

ጥር 5 ሌሊት ጎኗን ወጋት። ቀኝ ጎኗን፣ ከጡቷ በታች። «ስተነፍስ እንደ ወስፌ ይወጋኛል» አለች። ሙሉ ትንፋሽ መውሰድ አቃታት፤ ሳብ ታደርግና መሃል ላይ ይቆረጥባታል። ስትስል ጎኗን በመዳፏ ትይዛለች። እናቴ «ውጋት ነው፣ መስኮቱን ማን ከፈተው?» ብላ ተቆጣች። በማግስቱ ጤና ተቋም ወሰድናት። አዳመጧት፣ ራጅ አነሷት፣ ቀኝ ሳንባዋ ግርጌ ላይ ጥላ አለ አሉ። የሳንባ ምች ነው ተባለ። አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። ትኩሳት ብዙም አልነበራትም። እግሯን ግን ማንም አላየም። ጋቢ ለብሳ ነው የገባችው፣ ጋቢ ለብሳ ወጣች። እኛም አልተናገርን፤ ምክንያቱም እግር ከሳንባ ጋር ምን አገናኘው?

ጥር 8 አክታዋ ላይ ደም ታየ። በነጭ ሶፍት ላይ፣ ጥቁር ቀይ። ቤቱ ድርቅ አለ። ሁላችንም በልባችን ቲቢ አልን፣ ማንም ግን አፉን አልከፈተም። ሕፃኑን ከጎኗ አነሳነው። ያን ሌሊት ልጇን እያየች ያለቀሰችው ለቅሶ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እንደገና ሄድን። አክታ ሰጠች፣ ቲቢ የለም ተባለ፣ መድኃኒቱ ተቀየረ። የቲቢ ምርመራው መደረጉ ትክክል ነው፤ እኛ አገር ደም ያለው አክታ አይቶ ቲቢን ያልጠረጠረ ሐኪም ይሳሳታል። እኔን የሚቆጨኝ ቲቢ የለም ከተባለ በኋላ «ታዲያ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሳይነሳ ወደ ቤት መመለሳችን ነው።

ጥር 10፣ ከተራ። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ እየወረዱ ነው፣ እልልታው ቤታችን ድረስ ይሰማል። እህቴ ከአልጋ እስከ በሩ ደርሳ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ሌላ መልክ ያዘ። ላብ አጠመቃት። ባጃጅ ይዘን በሕዝቡ መሃል ማለፍ አልተቻለም፣ በጓሮ በጓሮ ዞረን ሆስፒታል ደረስን። ጣቷ ላይ ያቺን ትንሽ መሣሪያ ሲሰኩባት ኦክስጅኗ ወርዶ 86 በመቶ አለ።

ልጅ እግር ሐኪም ነው የተቀበለን። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ሳሏ አልነበረም። «ከወለደች ስንት ቀኗ ነው?» አለ። ሃያ አንድ አልነው። «በምን ወለደች?» በኦፕራሲዮን። ጋቢውን ከእግሯ ላይ ገለጠው። ትንሽ ዝም ብሎ አየና ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ አንገትዎ ላይ ያለውን ሜትር እስቲ ይስጡኝ» አለኝ።

በእኔ ሜትር ለካት። ከጉልበቷ በታች ካለችው የአጥንት እብጠት አሥር ሳንቲ ሜትር ወርዶ ቀኙን ባቷን ለካ፣ 36። ግራውን በዚያው ልክ ወርዶ ለካ፣ 41። «ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ እንጠረጥራለን» አለኝ። አዘጋጆቼ፣ ያ ሜትር አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንገቴ ላይ ነበር። የስንቱን ወገብ፣ የስንቱን ትከሻ ለክቼበታለሁ።

ወዲያው ኦክስጅን፣ ወዲያው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ። የሲቲ ስካኑን ውጤት እንኳን አልጠበቀም፤ እንዲህ በጣም ሲጠረጠር መድኃኒቱ ይቀድማል አለን። ሲቲው ደግሞ አረጋገጠ። ከግራ እግሯ የተነሳ የረጋ ደም ቀኝ ሳንባዋ ውስጥ የደም ቧንቧ ዘግቷል፣ ከዚያ በታች ያለችው የሳንባ ቁራጭ ደም አጥታ ተጎድታለች። ፑልሞናሪ ኢምቦሊዝም ይሉታል መዝጋቱን። ደም አጥቶ የሞተውን ሥጋ ደግሞ ኢንፋርክሽን ይሉታል። ልብ ላይ ሲሆን ሁላችን የምናውቀው ዓይነት ነገር ነው፤ ሳንባ ላይም እንደሚደርስ ግን እኔ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባትና በጭን ውስጥ ጠልቀው የሚሄዱ ደም መላሾች አሉ። ደሙን ወደ ልብ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፣ ስንራመድ። ስንተኛ ደሙ ያዘግማል። ቪርሾ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1800ዎቹ አጋማሽ ከእግር ተነስቶ ሳንባ የሚዘጋውን የረጋ ደም አጥንቶ አሳይቷል፤ ደም የሚረጋባቸው ሦስት ምክንያቶችም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። የደም መዘግየት፣ የደም ሥር መጎዳት፣ የደሙ ራሱ ለመርጋት መቸኮል። የአራስን ነገር አስቡት እንግዲህ። ተኝታለች። ተቀድዳለች። ደሟ ደግሞ በእርግዝናው ምክንያት ቶሎ የሚረጋ ሆኗል፤ እናት ስትወልድ ደም ፈሷት እንዳትሞት ፈጣሪ ያዘጋጀው ነው። ሦስቱም አንድ አልጋ ላይ ተገናኙ። አደጋው የሚበረታው ከወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው፣ ማለትም ከአልጋ አትውረጂ በምንላት ጊዜ። በነፍሰ ጡርና በአራስ ደግሞ ግራ እግር ላይ ይበዛል።

ከእግር የተነሳው የረጋ ደም በደም መላሹ ይወጣል፣ ቀኝ ልብ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ይወረወራል። የሳንባ ቧንቧዎች እየቀጠኑ ስለሚሄዱ አንድ ቦታ ላይ ይሰነቀራል። ትልቅ ከሆነ ሰውዬው ወዲያው ሊሞት ይችላል። ነቅቶ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ድንገት ወድቆ ሞተ የምንለው ሰው ውስጥ ይሄ የገደለው እንደሚኖር ሐኪሙ ነግሮኛል።

ትንሽ ከሆነስ? እዚህ ላይ የገረመኝን ልንገራችሁ። ሳንባ ደም የሚያገኘው ከሁለት መስመር ነው። አንደኛው ከቀኝ ልብ የሚነሳው ትልቁ ነው፣ የሰውነታችን ደም ሁሉ አየር ሊወስድ በእሱ ያልፋል። ሌላው ቀጭን ነው፣ ከግራ ልብ ከሚወጣው ዋና የደም ቧንቧ በኩል መጥቶ የሳንባውን ሥጋ የሚመግብ። ጎንደር ለሚኖር ሰው ይሄን ማስረዳት አያስቸግርም። የአንገረብ ውሃ ሲጠፋ ሮቶ ያለው ቤት ትንሽ ይቆያል አይደል? ሳንባም እንደዚያ ነው፣ ትልቁ መስመር አንድ ቦታ ሲዘጋ ቀጭኑ ይደርስለታል። ስለዚህም የረጋ ደም ሳንባቸው ከገባባቸው ሰዎች በብዙዎቹ ላይ የሳንባው ሥጋ አይሞትም። መስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ቤት ግን ያው ነው፣ ሮቶውም አይሞላለትም። በሳንባ ጠርዝ፣ ሽፋኑ ሥር ያለችው ቁራጭ እንደዚያ ናት። የእሷ ቧንቧ ሲደፈን የቀጭኑ መስመር ደም አይበቃትም። ትጎዳለች፣ ደም ይፈስባታል፣ ትሞታለች። አክታው ላይ የሚታየው ደም እሱ ነው።

ውጋቱም ከዚያው ነው። የሳንባ ሥጋ ራሱ እንደዚህ አይወጋም። ጠርዙ ላይ የተጎዳችው ቁራጭ ግን ሽፋኑን ታስቆጣለች፣ የተቆጣ ሽፋን ደግሞ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይፈተጋል። ራጅ ላይ ያቺ ቁራጭ እንደ ሽብልቅ ሆና ትታያለች፣ ሰፊው ጎኗ ወደ ጎድን አጥንት፣ ጠባቡ ወደ መሃል። ሃምፕተን የሚባል የራጅ ሐኪም ከካስልማን ጋር ሆኖ በፈረንጆቹ 1940 ጽፎበታል፤ እስከ ዛሬም በስሙ ትጠራለች። ግን ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብላ አትታይም፣ የሳንባ ምች ትመስላለች። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሳንባ ምች ያሏትን ባለሙያዎች አልረግምም። ራጁ ብቻውን ያሳስታል። የማያሳስተው ጥያቄው ነው። በቅርቡ ወልዳለች? ተቀድዳለች? ብዙ ተኝታለች? አንድ እግሯ ከሌላው አብጧል?

አብዝቼ ላስፈራ አልፈልግም። ከወሊድ በኋላ ሁለቱም እግር ትንሽ ቢያብጥ የተለመደ ነው፣ ይጎድላል። የሚያሳስበው አንዱ ብቻ ሲያብጥ፣ ሲከብድ፣ ሲሞቅ፣ ባት ውስጥ ሲያም ነው። ደግሞም እግሩ ምንም ሳይሆን የረጋ ደም ሳንባው የሚገባበት ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ እግሯ ደህና ነው ብሎም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርን መናቅ አይሆንም።

የማሸቱን ነገር ጠየቅኩ። ሐኪሙ «እሱ ነው ያስነሳው ብዬ መማል አልችልም፣ ሳይታሽም ይነሳል፤ ግን አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ በፍጹም አይታሽም» አለኝ። ወጌሻዋን ሄጄ ነገርኳቸው። ደነገጡ። «ልጄ፣ ማን ነገረኝና» አሉ። አሁን አንድ እግሯ ያበጠ አራስ ከጠራቻቸው እጃቸውን ሳያሳርፉ ወደ ሐኪም ይልካሉ። እኚህ ሴትዮ በአንድ ጊዜ ወሬ የተማሩትን ለሌሎች ወጌሾች ለምን አንነግራቸውም?

ስለ ሕክምናው። ሆድ ቆዳ ሥር የሚወጋው መርፌ ለተወሰኑ ቀናት ከዋርፋሪን ኪኒን ጋር አብሮ ተሰጣት፣ ኪኒኑ መሥራት ሲጀምር መርፌው ቆመ። ኪኒኑ የረጋውን አያሟሟም፣ እንዳይጨምር ይይዘዋል፣ ማጽዳቱን ሰውነቷ ራሱ ይሠራዋል። ቢያንስ ሦስት ወር ትወስዳለች። ልጇን ታጠባለች፣ ዋርፋሪን ጡት ማጥባትን አይከለክልም። ግን ሌላ እርግዝና ላይ ዋርፋሪን ፅንስ ይጎዳል፣ ስለዚህ ከማርገዟ በፊት ለሐኪም መናገር አለባት። ኢስትሮጂን ያለበት የወሊድ መከላከያም አይሆናትም ተብላለች፣ እሱም ደም ያረጋልና።

ዋርፋሪን የሚከበር መድኃኒት ነው። አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ይለካል፣ ከ2 እስከ 3 መሃል መሆን አለበት። ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ደም ይፈሳል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። እናቴ ይሄን ስትሰማ ጎመን የሚባል ነገር ከቤት አስወጣች። ይሄም ልክ አይደለም። የተባለው አትብላ ሳይሆን በልክ፣ በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን ትብላ ነው። ጾም ሲገባ ድንገት ጎመን በጎመን መሆን ነው ሚዛኑን የሚያፋልሰው። አሁን ዐቢይ ጾም ላይ ነን፣ እሷ አራስ ነበረችና አትጾምም፣ ግን ዋርፋሪን የምትወስዱ ጾመኞች ይሄን ለሐኪማችሁ ንገሩ። ለራስ ምታት ብላችሁም ከሱቅ ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን አትዋጡ፣ ያደማል።

ምርመራው ቀን ሰልፍ ላይ ከጭልጋ የመጡ እናት አገኘሁ። ለዚህች ለአንዲት ጠብታ ደም ነው ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡት። ከዚያ የራቀው ሰው መቅረቱ አይቀርም፣ ሲቀር ደግሞ ኪኒኑን በግምት ይውጣል ወይም ይተወዋል። ይሄ ምርመራ በየወረዳው ሆስፒታል እንዲኖር የሚመለከታቸው ሰዎች ቢያስቡበት ምን አለበት?

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ልመና ይሄ ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 13፣ የቪርሾ የልደት ቀን፣ ከፈረንጆቹ 2014 ጀምሮ የዓለም የደም መርጋት ቀን ሆኖ ይውላል። በእኛ ጥቅምት 3 አካባቢ ነው። ያን ቀን አንድ ገጽ ስጡት። ግን እስከ ጥቅምት ስንት አራስ ትተኛለች፣ አሁንም ጻፉ። ይህች ከተማ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ጤና መኮንኑን፣ ነርሱን፣ ሳኒታሪያኑን አሠልጥና ወደየገጠሩ የላከች ከተማ ናት። ትምህርቱ ከእኛ ሰፈር አልፎ የሄደውን ያህል እኛ ጓዳም ይግባ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አራስ ልትጠይቅ ስትመጣ ሕፃኑን አይታ፣ እናቲቱን ጠይቃ፣ እግሯንም ገልጣ ትይ። ሐኪሞችም በኦፕራሲዮን የወለደችን ሴት ከሆስፒታል ስታስወጡ ስለ ቁስሉ የምትነግሯትን ያህል ስለ ባቷ ንገሯት። መርፌ ያስፈልጋታል አያስፈልጋትም የሚለውን እናንተ ታውቃላችሁ።

እናቶች፣ አራሷን እንደ ልማዳችን እናክብራት፣ እናብላት፣ እናሙቃት። ግን ትነሳ። ሐኪሟ ከፈቀደላት በማግስቱ ቀስ ብላ ትራመድ፣ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል፣ ውሃ ትጠጣ። ተኝታም ቢሆን የእግሯን ጫፍ ወደ ላይ ወደ ታች ታድርግ። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ የምትሄዱም፣ በተለይ በቅርብ የተቀደዳችሁ ወይም የወለዳችሁ፣ ምሳ ላይ ብቻ አትጠብቁ፣ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ወርዳችሁ ተንቀሳቀሱ።

እህቴ ጥር 19 ከሆስፒታል ወጣች። ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ በራሷ እግር ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ ሁለት ቦታ ቆማ አርፋ። ሐኪሙ የተጎዳችው ቁራጭ በወራት ውስጥ ጠባሳ ሆና ትቀራለች ብሏል። ደረጃ ስትወጣ አሁንም ትንሽ ያጥራታል። ያለፈው ሳምንት አይ ኤን አሯ 2.4 ነበር።

እኔ በየእሑዱ ማታ ከጉልበቷ በታች አሥር ሳንቲ ሜትር ወርጄ እለካታለሁ። ትናንት ቀኙ 36፣ ግራው 37 ሆነ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ልብስ ሰፊ
ከጎንደር፣ መጋቢት